የድሮ ካሴት ድምፅ ከየት ይመጣል? ፈንክ ሙዚቃን በአሮጌ ቴፕ ስለመቅረጽ



በየሰፈሩ አንድ አሮጌ ቴፕ አይጠፋም። የአንዱ በር ተሰብሮ በላስቲክ ይታሰራል፤ ሌላው ካሴት እየበላ ባለቤቱን ያናድዳል፤ ሦስተኛው ድንጋይ ሲደክምበት ዘፋኙን እንደ በሽተኛ ያስጎትተዋል። ከቴፑ ጋር ደግሞ በሻንጣ ጥግ ወይም በካርቶን ውስጥ፣ ከባለቤቶቻቸው ጋር አብረው የተሰደዱ ጥቂት ካሴቶች ይኖራሉ።

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከሙዚቃ ክበባችን አባላት አንዱ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከእነዚህ ካሴቶች አንዱን ከአባቱ ተውሶ መጣ። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። ሰምተን ስንጨርስ «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች እዚሁ ክፍል ውስጥ ቆመው የሚጫወቱ ነው የሚመስለው፤ እኛ በስልክ የቀረጽነው ግን ለምን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኛው የእኔን መልስ ሳይጠብቅ «ስቱዲዮ የለንማ!» አለው።

ሁሉም ሳቀ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ከክበቡ ሦስት ልጆች ቀርተዋልና። ጊታር፣ ስቱዲዮና ኮምፒዩተር በሌለበት ሙዚቃ መቅረጽ ከንቱ ድካም ነው ብለው ነው የቀሩት። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በተለይ ለእነርሱ ነው። ያ የምንወደው የድሮ ድምፅ የተሠራበት መሣሪያ ከእኛው አሮጌ ቴፕ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ከመሣሪያውም የሚበልጠው አጨዋወቱ ነው። ነገሩን ከፈንክ እጀምራለሁ፤ ያንን ሻካራና ትኩስ ድምፅ ዛሬም አጥብቀው የሚፈልጉት የፈንክ ተጫዋቾች ናቸውና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈንክ ምንድን ነው?

ፈንክ በ1960ዎቹ አጋማሽ ጥቁር አሜሪካውያን ከብሉዝ፣ ከጃዝ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ሶል ከሚባለው ሙዚቃ ያወጡት ስልት ነው። ስሙ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ጄምስ ብራውን ነው። በ1965 ያወጣው «ፓፓስ ጎት ኤ ብራንድ ኒው ባግ» እና በ1967 ያወጣው «ኮልድ ስዌት» ከስልቱ መነሻዎች ይቆጠራሉ።

እስቲ በእግራችሁ መሬት እየመታችሁ እስከ አራት ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ በፊት በነበረው የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ ጭብጨባው ሁለትና አራት ላይ ይወድቅ ነበር። ጄምስ ብራውን ግን ሙዚቀኞቹን «አንድ» ላይ ክበዱ አላቸው። ሁሉም «አንድ» ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው «አንድ» ድረስ እያንዳንዱ የራሱን ትንሽ ሥራ ይሠራል። ቤዝ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይደጋግማል። ጊታሩ ዜማውን ትቶ፣ ክሮቹን በግራ እጅ አፍኖ «ችክ፣ ችክ» ይላል። ትራምፔትና ሳክስፎኑ አንዴ ጮኸው ዝም ይላሉ። ባጭሩ በፈንክ ውስጥ መሣሪያ ሁሉ ከበሮ ነው ማለት ይቻላል።

ክራር የምትደረድሩ ልጆች ይህን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። በድርደራ ጊዜ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ ግራ እጅ የማይፈለጉትን አፍኖ ይይዛል። የፈንክ ጊታር ተጫዋችም የሚያደርገው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የእኛ ችክችካ ግን የሚቆጠረው በስድስት ስለሆነ፣ ሁለቱን ለማጋባት ስትሞክሩ መጀመሪያ እግራችሁ ይሰናከላል። አይግረማችሁ።

በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ድራም መቺው ነው። ክላይድ ስተብልፊልድ የጄምስ ብራውን ድራመር ነበር። በ1969 ሲንሲናቲ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ «ፈንኪ ድራመር» የተባለውን ዘፈን ሲቀርጹ፣ በአንድ ቦታ ላይ ሌሎቹ ሁሉ ዝም ይሉና እርሱ ብቻውን ለሃያ ሰከንድ ያህል ይመታል። ያቺ ሃያ ሰከንድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተቆረጠች ከአንድ ሺህ በሚበልጡ የሌሎች ሰዎች ዘፈኖች ውስጥ ገብታለች። የዘፈኑ ደራሲ ሆኖ የተመዘገበው ግን ጄምስ ብራውን ስለነበር፣ ስተብልፊልድ ከዚያ ሁሉ ያገኘው ገንዘብ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በ2017 ዓረፈ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ክሩ ላይ ምን ይሆናል?

የካሴት ክር ቡናማ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ክሩ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ በላዩ የተለቀለቀው ደግሞ ከብረት ዝገት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ በጣም የላመ ብናኝ ነው። ድምፅ በማይክራፎን ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ኤሌክትሪኩ «ሄድ» ወደሚባለው ትንሽ ማግኔት ይሄዳል። ክሩ በሄዱ ፊት ሲያልፍ ብናኙ እንደ ድምፁ ጉልበት እየተሳበ ይደረደራል። ካሴቱን መልሳችሁ ስታጫውቱ ያ የተደረደረ ብናኝ በተራው ሄዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥርና ድምፅ ሆኖ ይወጣል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ወረቀት ላይ የብረት ብናኝ በትናችሁ ከሥር ማግኔት ስታንቀሳቅሱ ያያችሁት ነገር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ብናኙ ከክሩ ጋር ተጣብቆ ትእዛዙን ይዞ መቅረቱ ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ቁም ነገር ይመጣል። ጠዋት በባንዲራ ሰልፍ ላይ መምህሩ ቀስ ብለው «ወደ ቀኝ ዙር» ቢሉ የሚዞሩት ፊት ያሉት ብቻ ናቸው። ከፍ አድርገው ቢናገሩ ግማሹ ይዞራል። ቢጮኹ ሁሉም ይዞራል። ከዚያ በኋላ ግን መምህሩ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ቢጮኹ የሚዞር ተማሪ አይገኝም፤ ሁሉም ዞሯልና። የክሩ ብናኝም እንዲሁ ነው። ድምፁ እየበረታ ሲሄድ ያልተሳበው ብናኝ እያነሰ ይመጣል። ስለዚህ የድራሙ ከባድ ምት ክሩ ላይ ሲያርፍ ጫፉ በድንገት አይቆረጥም፤ ቀስ ብሎ ይጠጋጋል። በዚህ ጊዜ ክሩ ከራሱ ጥቂት ተጨማሪ ድምፆች ይጨምራል፤ በጣም የሾለውንም ያለዝበዋል። ጆሯችን ይህን «ሙቀት» ወይም «ውፍረት» ብሎ ይቀበለዋል። የድሮ የፈንክ ቀራጮች ይህን ያውቁ ስለነበር ድራሙንና ቤዙን ሆን ብለው ወደ ክሩ ገፋ አድርገው ይልኩት ነበር።

ስልክና ኮምፒዩተር ድምፅን በቁጥር ነው የሚጽፉት። ቁጥሩ ጣሪያ አለው። ድምፁ ከጣሪያው ካለፈ ትርፉ በቢላ እንደተቆረጠ ይቀራል፤ የሚሰማውም ስንጥቅጥቅ ያለ ጩኸት ነው። ልጆቹ «ቆርቆሮ» ያሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ምክንያት የስልኩ ማይክራፎን ትንሽነትና የክፍላችን ጣሪያ ነው፤ ወደ እርሱ እንመጣለን።

ካሴትና የስቱዲዮ ቴፕ የሚለያዩት በስፋትና በፍጥነት ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ትልቁ የስቱዲዮ ቴፕ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ለአንድ ሰከንድ ዘፈን ብዙ ክር፣ ብዙ ብናኝ ያገኛል። ስለዚህ የስቱዲዮው ድምፅ ጥራት ይበልጣል፤ «ሽሽሽ» የሚለው ሹክሹክታም ያነሰ ነው። ሒሳብ የምትወዱ ደግሞ ይህን አስሉ፦ የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ነው፤ 30 ደቂቃ 1800 ሰከንድ ነው፤ በ4.76 ስታባዙት 86 ሜትር ገደማ ይመጣል። ያን ያህል ክር በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሏል ማለት ነው።

ዛሬ በውጭው ዓለም ንጹሕ ቀረጻ ላይ ያንን «ሽሽሽ» በኮምፒዩተር የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። እኔ ይህን ስሰማ፣ አዲስ ሸማ ገዝቶ ያረጀ እንዲመስል አመድ የሚነሰንስበት ሰው ትዝ ይለኛል። የድሮዎቹ ሙዚቀኞች ሹክሹክታውን አልወደዱትም፤ ቻሉት እንጂ። እኛን የሚስበን ከሹክሹክታው በስተጀርባ ያለው ነው።

አንድ ክፍል፣ ጥቂት ማይክራፎን

ይህም ሰዎቹ አብረው መጫወታቸው ነው። በዚያ ዘመን የቀረጻ ቴፕ ብዙ ጊዜ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ወይም ስምንት ትራክ ነበረው። ትራክ ማለት በአንዱ ክር ላይ ጎን ለጎን የሚሄድ የየራሱ የድምፅ መንገድ ነው። ባንዱ አሥር ሰው ሆኖ ትራኩ አራት ከሆነ፣ ድራሙን፣ ቤዙንና ጊታሩን በአንድ ትራክ ላይ ማጨቅ ግድ ይላል። አንድ ላይ የታጨቀውን ደግሞ በኋላ መለየት አይቻልም ነበር፤ ሽሮ ከተሠራ በኋላ ጨውን እንደማውጣት ነበር። ስለዚህ የማን ድምፅ ይጉላ፣ የማን ይነስ የሚለው ነገር የሚወሰነው ከመቅረጽ በፊት ነበር፤ ከመሣሪያው በላይ የሠራውም የሰዎቹ አቋቋም ነበር። ትራምፔቱ ከበዛ ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይባላል። ብቻውን የሚጫወትበት ተራ ሲደርስ ወደ ማይክራፎኑ ይጠጋል።

በአንድ ክፍል ስለሚጫወቱም የድራሙ ድምፅ በጊታሩ ማይክራፎን፣ የጊታሩም በዘፋኙ ማይክራፎን ይገባል። ባለሙያዎች ይህን «መፍሰስ» ይሉታል። ብዙዎቹ የዛሬ ስቱዲዮዎች ይፈሩታል። የድሮው ሻካራ ድምፅ ግን ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው፤ የአባቱ ካሴት ላይ ያሉት ሰዎች «እዚሁ ክፍል ውስጥ ያሉ» የመሰሉት፣ በእውነትም በአንድ ክፍል አየር ውስጥ ስለነበሩ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። አንዱ ከተሳሳተ የእርሱን ስሕተት ብቻ ማጥፋት አይቻልም፤ ሁሉም እንደገና ይጀምራሉ። ስለዚህ አስቀድመው እስኪሰለቻቸው ይለማመዳሉ።

ክፍሉ የተለየ ክፍል መሆን አልነበረበትም። በሜምፊስ ከተማ ስታክስ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ስቱዲዮው ያረጀ ሲኒማ ቤት ነበር፤ የተመልካቾቹ መቀመጫ ቢነሣም ወለሉ እንደ ሲኒማነቱ ወደ ታች እንዳዘነበለ ቀርቷል። በዚያ ሲኒማ ቤት በ1962 አራት ሙዚቀኞች ለሌላ ሥራ ተጠርተው ሳለ በትርፍ ጊዜያቸው የተጫወቱት «ግሪን ኦኒየንስ» ዓለምን ዞሯል።

አንድ የቅርብ ዘመን ምሳሌ ልጨምር። ሻሮን ጆንስ በ1956 ጆርጂያ ውስጥ ኦገስታ ከተማ ተወለደች። ድምፀ መልካም ብትሆንም የሙዚቃ ነጋዴዎች አጭር ናት፣ ወፍራም ናት፣ ጥቁረቷም በዛ፣ ዕድሜዋም አልፏል እያሉ መለሷት። ኑሮዋን ለመግፋት በኒው ዮርክ የእስር ቤት ጠባቂ ሆና ሠርታለች። በ2001 ብሩክሊን ውስጥ ዳፕቶን የሚባል ትንሽ የሙዚቃ ቤት ተቋቋመ። ሙዚቀኞቹ ተራ መኖሪያ ቤት ወስደው በገዛ እጃቸው ስቱዲዮ አደረጉት፤ ዓለም ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ሲዞር እነርሱ የቀረጹት በስምንት ትራክ ቴፕ ነው። የሻሮን የመጀመሪያ አልበም በ2002 ሲወጣ ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነበር። በ2006 እንግሊዛዊቷ ኤሚ ዋይንሃውስ «ባክ ቱ ብላክ» የተባለውን አልበም ስትሠራ በበርካታዎቹ ዘፈኖች ያጀቧት እነዚሁ የሻሮን ሙዚቀኞች ናቸው፤ ኤሚ በ2008 አምስት የግራሚ ሽልማት ወሰደች። ሻሮን ጆንስ በ2016 በካንሰር እስክታርፍ ድረስ መዝፈኗን አላቋረጠችም።

አዲስ አበባ ላይ

ወደ ልጁ አባት ካሴት እንመለስ። የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው በሸክላና በሬዲዮ ነው። አሥመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች የራሳቸው ሬዲዮና ክበብ ነበራቸውና፣ ከዚያ የወጣው ድምፅ ብዙ ወጣት ሙዚቀኛ ጆሮ ገብቷል። በአዲስ አበባ ደግሞ የትንፋሽ መሣሪያ የሚያውቁ ሰዎች አስቀድመው ነበሩ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች አሠልጥነዋቸዋል። ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው ዓለማየሁ እሸቴ በአዘፋፈኑም በውዝዋዜውም «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ተብሏል። በ2021 ነው ያረፈው።

በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት ይህን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ መካከል የዓለማየሁ ዘፈኖች ይገኛሉ። አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቀረጻው ወደ ህንድና ወደ ሌሎች አገሮች እየተላከ ታትሞ ይመለስ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎች ካወጣ በኋላ አምሃ ራሱ አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሰዓት እላፊውም የሌሊቱን ጨዋታ አቀዘቀዘው። ሸክላ ጠፍቶ ካሴት የነገሠው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ካሴት ርካሽ ነው፣ ማባዛቱም ማተሚያ አይፈልግም። ለምሳሌ ያህል ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 «ወደ ሐረር ጉዞ»ን የቀረጸው በጊዮን ሆቴል ነው፤ የወጣውም በካሴት ነው።

የኃይሉ ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች በተለይ ይጠቅማል። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የምት ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱ ግን ከመኪናው ኋላ አይጠፋም ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድበታል። ያ የ1985 ካሴት በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ የገባው ባሕር ዳር ላይ ነው። በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። አንዲት ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ባትቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ በእኛ ቴፕ

ከሁለት ወር ሙከራ በኋላ ክበባችን የደረሰበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ክፍሉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ የመማሪያ ክፍል ለፈንክ ጠላት ነው፤ አንዱን ምት አሥር አድርጎ ይመልሰዋል። የጭቃ ግድግዳ ያላት ትንሽ ቤት ትሻላለች። በግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ መሬት ላይ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ዘርጉ። አንድ እጃችሁን አጨብጭባችሁ ስታዳምጡ ድምፁ ወዲያው ከሞተ ቤቱ ተስማሚ ነው። (ሁለት እጅ ማለቴ ነው፤ ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ስቀውብኛል።)

ቴፑን ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት። ሞተሩም የሰው እግርም ያንቀጠቅጠዋልና፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከሥሩ አድርጉ። የማይክራፎን ቀዳዳ ካለውና ማይክራፎን ከተገኘ ደግሞ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። አብሮት የተሠራው ማይክራፎን ከሙዚቃው ጋር የራሱን ሞተር ይቀርጻል።

ብዙው ተራ ቴፕ የመቅረጫ ድምፅ መቆጣጠሪያ የለውም። በውስጡ ያለው ነገር ራሱ ይወስናል፤ ጸጥ ሲል ያጎላል፣ ሲጮህ ያሳንሳል። ስለዚህ ጀሪካን መቺው ቴፑ አጠገብ ከቆመ፣ በመታ ቁጥር ቴፑ ይደነግጥና የሌላውን ሁሉ ድምፅ ይውጣል። ስልክም ይህ ጠባይ አለው። መፍትሔው ርቀት ነው። ጀሪካኑን ወደ ኋላ፣ ክራሩን መካከል፣ ዘፋኙን ከፊት አድርጉ። እኛ ጀሪካኑን አራት እርምጃ፣ ክራሩን ሁለት እርምጃ፣ ዘፋኟን አንድ እርምጃ ላይ ስናቆም ነው የቀናን። ሠላሳ ሰከንድ ቅረጹ፤ መልሳችሁ ስሙ፤ ሰው አንቀሳቅሱ፤ ደግማችሁ ቅረጹ። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አትቸኩሉ።

ስለ መሣሪያ ብዙ አትጨነቁ። ባዶ ጀሪካን በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ ሲመታ «አንድ»ን ይሸከማል። በጣሳ ውስጥ የታሸገ ጥቂት አሸዋ የድራሙን ሳህን ይተካል። ታፍኖ የተመታ ክራር ጊታሩን፣ ሁለት ልጆች በአፋቸው የሚያሰሙት አጭር ጩኸት ደግሞ ትራምፔቱን ይተካል። አትሳቁ፤ ስትሰሙት ትገረማላችሁ።

ሁለት ቴፕ ካላችሁ የድሮዎቹ ትራክ ሲያልቅባቸው ያደርጉት የነበረውን ማድረግ ትችላላችሁ። ምቱን ብቻ በአንዱ ቅረጹ። ከዚያ እርሱን እያጫወታችሁ ከጎኑ ዘፈኑን ተጫወቱ፤ ሁለተኛው ቴፕ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቅረጽ። በእያንዳንዱ ቅጂ ግን «ሽሽሽ» ይጨምራል፣ ድምፁም ይደበዝዛል። ከሁለት ጊዜ በላይ አያዋጣም።

ድንጋይ ጉዳይ ነው። በደከመ ድንጋይ ከቀረጻችሁ ክሩ በዝግታ ይሄዳል፤ በኋላ በደህና ድንጋይ ስታጫውቱት ሁላችሁም ወፍ ትሆናላችሁ። አንድ ጊዜ ደርሶብናል፤ ያም ካሴት በክበቡ ከሁሉ የተወደደው ነው። ሄዱን በየጊዜው በአልኮል በረጠበ ጥጥ ጥረጉት፤ የዚህ አገር አቧራ አይራራም። የ60 ደቂቃ ካሴት ከ90 ደቂቃው ይመረጣል፤ ክሩ ወፈር ስለሚል ቶሎ አይበላም። የላላ ክር ካለ ከማስገባታችሁ በፊት በእስክሪብቶ አጥብቁት።

አሁን ለወላጆች። ልጆቹ ባዶ ካሴት ሲያጡ ዓይናቸው የእናንተ ሻንጣ ላይ ያርፋል። ከእነዚያ ካሴቶች ውስጥ ዘፈን ያልሆነ ነገር ያለባቸው አሉ፤ ከአረብ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ የሠርግ እልልታ፣ የሟች አባት ምርቃት። እኔ በልጅነቴ ከሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ ለመቅረጽ ስል የእህቴን የሠርግ ካሴት ደመሰስኩ። የአያቴ ድምፅ ያለው እርሱ ላይ ብቻ ነበር። ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ እንኳ ዛሬ አላስታውስም። ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። ካሴቱን «ሀ» የሚለው ገጽ ወደ እናንተ ዞሮ፣ ክሩ የሚታይበት ጠርዝ ወደ ታች ሆኖ ያዙት። በላይኛው ጠርዝ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። የግራው የዚያን ገጽ፣ የቀኙ የጀርባውን ይጠብቃል። ሁለቱንም ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ የመቅረጫው ቁልፍ አይወርድም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ቀዳዳውን በፕላስተር መሸፈን በቂ ነው። በተጨማሪም ጸጥ ባለ ቤት ካሴቱን እያጫወታችሁ በስልክ ቅዱት። ጥራቱ ቢያንስም ክሩ አንድ ቀን መበጠሱ አይቀርምና ቅጂ ይኑራችሁ።

ቀርጻችሁ ስትጨርሱ በካሴቱ ልጣፍ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተጫወቱትን ሁሉ ስም ጻፉ፤ ማን ምን እንደተጫወተ ለይታችሁ ጻፉ። ክላይድ ስተብልፊልድን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የእኛ ክበብ የመጀመሪያ ካሴት ላይ የዘፋኟ፣ የክራር ተጫዋቹና የእኔ ስም በሰማያዊ ተጽፏል። የጀሪካን መቺው ስም ተረስቶ ስለነበር ከዳር በቀይ እስክሪብቶ ተጨምሯል፤ የጻፈውም ራሱ ነው።